የፊታውራሪ አውሮፕላንና ጥርት ያለው ኮት

ሰው የሚፈራው ነገር ብዙ ነው። ጅብ የሚፈራ አለ፤ አማቱን የሚፈራ አለ፤ ሞልቶ የሚወርድ ወንዝ የሚፈራ አለ። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ስፈራው የከረምኩት ግን ከአውራ ጣቴ ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ የአንበሳ ስዕል ነው። ስትስቁ ይታየኛል። ግድ የለም ሳቁ፤ እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን እህል አልወርድ ብሎኝ ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አጥብቄ ነበር።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው። ጋይንት፣ አርብ ገበያ፣ ጂኦግራፊና የእጅ ሥራ አስተምር ነበር። የእጅ ሥራ የተሰጠኝ እጄ ስለሚያውቅ አይደለም፤ ሌላ የሚወስደው ስለጠፋ ነው። ታዲያ አንድ ቀን የወረዳው ገዥ የፊታውራሪ ሬዲዮ ዝም ብሎባቸው አስጠሩኝ። ከፈትኩት። ባትሪዎቹ ተገልብጠው ነው የገቡት። አቃናኋቸው፣ ሬዲዮው ተናገረ። «ባትሪው ተገልብጦ ነው» ብዬ መሄድ ስችል ግንባሬን ቋጠር አድርጌ፣ «ከባድ ብልሽት ነበር፤ ግን ተሳክቷል» አልኩ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት ጉድ የሠራችኝ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ተዘጋ። እናቴ ዘንድ እስቴ ወርጄ ልከርም ጓዜን ስሸክፍ ፊታውራሪ ድጋሚ አስጠሩኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱም አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የካርቶን ሣጥን አለ። ባሕር ማዶ የአውሮፕላን ጥገና የሚማር አንድ ልጅ አላቸው፤ እሱ ነው የላከው። በሣጥኑ ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ አውሮፕላን አለች፤ ግን ሙሉ አውሮፕላን አይደለችም፤ እንደ ዶሮ ብልቷ ተለያይቷል። ክንፉ ለብቻ፣ ጭራው ለብቻ፣ ጎማው ለብቻ።

«ልጄ ተሳፍሮ የሄደባት ይህችን ትመስላለች ብሎ ጽፏል» አሉ ፊታውራሪ። «ለጃንሆይ ልደት ካህናቱም ባላባቱም እዚህ ይመጣሉ። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ቆማ ማየት እፈልጋለሁ። ትችላለህ?»

«ይቻላል፣ ጌታዬ» አልኩ። አፌ ከእኔ ሳይማከር የሚመልስበት ጊዜ አለ።

የጃንሆይ ልደት ሐምሌ አሥራ ስድስት ነው። እስቴ መሄዱን ትቼ ቤቴ ገባሁ።

መገጣጠሙ አላስቸገረኝም። ሣጥኑ ውስጥ ሙጫ ነበረ፤ በሁለት ቀን ክንፍና ጭራዋን አስይዤ አቆምኳት። ጭንቀቴ የጀመረው ከስዕሎቹ ነው። ከብልቶቹ ጋር አንዲት ሉክ ወረቀት መጥታለች፤ በላይዋ ላይ ባንዲራችን፣ ቁጥሮች፣ የበር ምልክቶች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘውድ የደፋው፣ መስቀል ያለበት በትር የያዘው የጃንሆይ አንበሳ ታትሟል። እነዚህን ከወረቀቱ አላቅቆ አውሮፕላኗ ገላ ላይ መለጠፍ ነው። እንደ ቴምብር መስሎኝ የመጀመሪያውን ላስኩት። ምላሴ ላይ ቀረ፤ ሳስለው ወረደ። እንዲህ አድርጌ የአውሮፕላኗን የኋላ በር ዋጥኩት።

ኋላ መመሪያውን አነበብኩ። ስዕሉን ቆርጠህ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ፤ ጥቂት ሲቆይ ከወረቀቱ ይለቅና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ይንሸራተታል፤ ከዚያ ቦታው ላይ ታሳርፈዋለህ። እንደተባለው አደረግሁ። ባንዲራው ጭራዋ ላይ፣ አንበሳው ከአብራሪው መስኮት ዝቅ ብሎ፣ ትንፋሼን ይዤ አሳረፍኳቸው። አማረች። ወንበሬን ራቅ አድርጌ ተቀምጬ ስመለከታት አመሸሁ።

በሦስተኛው ቀን የአንበሳው ጭራ ከጫፉ ተነሳ። በጣቴ ተጫንኩት፤ ተኛ። ጣቴን ሳነሳ እሱም አብሮ ተነሳ። መመሪያውን እንደገና ገለጥኩ። የመጨረሻው መስመር፣ ስዕሎቹ እንዳይላቀቁ «ክሊር ኮት» አስፈላጊ ነው ይላል። የኔ እንግሊዝኛ ለስድስተኛ ክፍል ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አልመካበትም። ክሊር ማለት ጥርት ያለ ነው። ኮት ደግሞ ኮት ነው። ፈረንጅ ንጹሕነት ይወዳልና፣ ሠራተኛው አቧራ እንዳያራግፍ ንጹሕ ኮት ይልበስ ማለቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። በዓመት በዓል ብቻ የምለብሰውን ኮቴን በከሰል ካውያ ተኩሼ ለበስኩና አውሮፕላኗ ፊት ተቀመጥኩ። አንበሳው ግን ኮቴን አይቶ አልተኛም፤ እንዲያውም የኋላ እግሩም ተነሳ።

ትምህርት ቤቱ አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት አለው። ቁልፉን አስከፍቼ ገባሁ፤ ፈለግሁ። ኮት የሚለው ቃል ቅብ ማለትም ነው። ለካ ኮቱን መልበስ የነበረባት አውሮፕላኗ ናት።

መልበሷስ ይሁን፤ ምን ትልበስ? ስዕሉን የሚሸፍን፣ ግን የማይታይ፣ የማይላቀቅ፣ ፕላስቲኩን የማይጎዳ ቅብ አርብ ገበያ ላይ ከየት ይመጣል? የዓርብ ዕለት ገበያ ወጣሁ። ሚስማርና ላምባ ከሚሸጠው ነጋዴ ለቁም ሣጥን የሚቀባውን ቫርኒሽ ገዛሁ። በተረፈ የፕላስቲክ ቁራጭ ላይ ሞከርኩት። ነጩ ፕላስቲክ ትምባሆ የሚያኝክ ሰው ጥርስ መሰለ። የእንቁላል ነጭ ሞከርኩ፤ ሲደርቅ ያበራል፤ እሰይ ብዬ ደጅ ሳሰጣው የጎረቤት ድመት ልሳ ጨረሰችው። ድመቷን ለማባረር ስሮጥ ጭቃው አንሸራቶኝ ያ የተተኮሰው ኮቴ አበቃለት።

ጎረቤቴ የፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ነው። ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ የጎንደር ከተማ ልጅ ናት፤ ጥፍሯን ትቀባለች። ጭንቀቴን ስነግራት ወደ ጓዳ ገብታ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አመጣችልኝ።

«ይኼ ይሆንህ እንደሆነ» አለች። «እኔስ ተሸውጄ ነው የገዛሁት። ቀለም ነው ይሉታል፤ ሲቀቡት ግን ምንም አይታይም።»

ቀለም የሌለው ቀለም። ልቤ ዘለለ። እንደ ቫርኒሹና እንደ እንቁላሉ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ መሞከር ነበረብኝ፤ አውቃለሁ፤ አሁን ለእናንተ ስነግራችሁም ያንገበግበኛል። ግን ጭራው እየተነሳ፣ ቀኑ እየሄደ፣ መፍትሔው እጄ ላይ ገብቶ እንዴት ልጠብቅ? ብሩሿን ጠቀስ አደረግሁና አንበሳውን ከራስ እስከ እግሩ ጠጥቶ እስኪጠግብ ቀባሁት።

አንበሳው ለጥቂት ጊዜ አበራ። ከዚያ ፊቱ ተጨማደደ። ኮሶ የጠጣ ሰው አይታችኋል? እንደዚያ። ጉንጩ ገባ፣ አፉ ተጣመመ፣ ዘውዱ ወደ ጆሮው ዘመመ። ደንግጬ በጣቴ ላቃናው ሞከርኩ። ጣቴ ተጣበቀ። ስስብ የአንበሳው የፊት እግር በትሩን እንደያዘ ከጣቴ ጋር መጣ።

ቁጭ አልኩ። ጣቴን አየሁት። ጣቴ ላይ የጃንሆይ አንበሳ እግር አለ። በዚያ ዘመን ለነበረ ሰው ይኼን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ላልነበራችሁ ግን ልንገራችሁ፤ ያ አንበሳ ተራ አንበሳ አይደለም። በማኅተም ላይ ያለ፣ በገንዘብ ላይ ያለ፣ ሰው ቆሞ የሚያከብረው ነው። ገና ከወንበሬ ሳልነሳ ችሎት ፊት ቆሜያለሁ። «እግሩን የቆረጥከው አውቀህ ነው ሳታውቅ?» ይሉኛል። «ፊቱንስ ምን ብለህ አጨማደድከው?» ይሉኛል። እናቴ እስቴ ሆና ስትሰማ ይታየኛል።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ሃምሳ አለቃው ነው፤ የሚስቱን ጠርሙስ ሊወስድ መጥቶ። አጠገቤ የነበረውን ገበቴ አንስቼ አውሮፕላኗ ላይ ደፋሁ። ገባ፤ ጠርሙሱን ሰጠሁት፤ አልሄደም። ዝናብ ጀምሯልና ቁጭ አለ።

«ገበቴው ሥር ምን አለ፣ መምህር?»

«ሊጥ ነው።»

«ሊጥ? አንተ ወንደላጤ አይደለህም እንዴ?»

ገበቴውን አነሳው። አውሮፕላኗን ዞሮ ዞሮ አያት። ጎንበስ አለ። ከአንበሳው ጋር ፊት ለፊት ተያዩ።

«አንበሳው ምን ሆኖ ነው?»

«ነፋስ ነው፣ ሃምሳ አለቃ» አልኩ። አፌ ነው የሚናገረው፤ እኔ የለሁበትም። «እየበረረች ስለሆነ ነፋሱ ፊት ፊቱን ይመታዋል። ፈረንጆች ይኼን ሁሉ አስበው ነው የሚሥሉት።»

ይበልጥ ዝቅ ብሎ አየ። «እግሩስ?»

«ወደ ላይ ብርድ አይደል? አጥፎት ነው።»

ሃምሳ አለቃው ቀና ብሎ አየኝ፤ አንበሳውን አየ፤ እንደገና እኔን አየ። ተነሳና ካቦርቱን ቆለፈ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ።

«ፊታውራሪ አይተዋታል?»

«ገና አላዩዋትም።»

«እግዚአብሔር ይርዳህ» አለኝ፤ ችሎት ለሚቀርብ ሰው እንደሚባለው ዝግ ብሎ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ሲነጋ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ድጓ የሚያስተምሩ፣ ያረጀ የቤተ ክርስቲያን ስዕል የሚያድሱ አንድ አዛውንት መሪጌታ አሉ። የቅዱሳንን ፊት ያዳነ ሰው አንድ አንበሳ አያቅተውም ብዬ በቅሎ ለምኜ ተነሳሁ። አውሮፕላኗን ዝናብ እንዳይነካት አገልግል ውስጥ አስቀመጥኳት፤ ልክ ነው የሆነላት። ቫርኒሹንም ያዝኩ፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ያለውን ሁሉ ይይዛል።

መንገድ ላይ ዝናቡ ጠናብኝና አንድ ወይራ ሥር ተጠለልኩ። ሁለት ገበሬዎች ቀድመውኝ ተጠልለዋል፤ በሶ በጥብጠው ይጠጣሉ። ወግ ነውና አቀረቡልኝ፤ ጠጣሁ።  ዓይናቸው አገልግሌ ላይ ነው። እኔም አየሁት። በሶ ጠጥቼ፣ አገልግል ታቅፌ፣ ዝም ማለቴ ምን እንደሚመስል ገባኝ።

«እህል አይደለም» አልኩ።

«ይሁን» አለ ታላቅየው፣ ፊቱን ወደ ዝናቡ መልሶ።

«እውነቴን ነው።»

«እኛ ምን አልን፣ ጌታው?» አለ ሌላኛው። «መንገደኛ ስንቁን መቆጠቡ ያለ ነው።»

በስስት ከመታማት ብዬ ከፈትኩት። ሁለቱም ተጠግተው አጎነበሱ። አውሮፕላን በላያቸው ሲያልፍ አይተዋል፤ ወዲያው ለዩዋት። ታላቅየው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተና፣

«ይኼ እንግዲህ ጥጃው ነው» አለ።

ሌላኛው አንበሳውን እያየ፣ «ምስኪን፣ አሞታል» አለ። ከበሶው ሌላ ጨመሩልኝ፤ ያዘኑልኝ ይመስለኛል።

ቤተ ልሔም ስደርስ መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ቢጤ ይሞቃሉ። እጅ ነስቼ፣ አገልግሉን ከፍቼ፣ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ የጥፍሩን ቀለም ሳይቀር። አውሮፕላኗን ወደ ብርሃን አዙረው አዩ።

«እግሩ በምን ተነቀለ?»

«በጣቴ።»

«ለምን ነካኸው?»

«ሲጨማደድ ደንግጬ።»

«ልጄ፣ ቅብ ሲያርፍበት ስዕል መጀመሪያ ይቆጣል» አሉኝ። «ይነሳል፣ ይሸበሸባል። ዝም ካልከው ግን ሲደርቅ ተመልሶ ይተኛል። ይኸው እየው፤ አንተ ያልነካኸው ጀርባው ተኝቷል። አላስቻለህም እንጂ ይኼ ሁሉ መንገድ አያስፈልግህም ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ጀርባው ልስልስ ብሎ ተኝቷል። የተበላሸው ጣቴ የደረሰበት ቦታ ብቻ ነው።

ቀለማቸውን አውጥተው ከድመት ፀጉር በሠሯት ብሩሽ እግሩን መለሱለት፤ በትሩንም፣ መስቀሉንም። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። እኔ አጠገባቸው ሆኜ ዳዊት እደግማለሁ። ወደ ፊቱ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«ይኼ አንበሳ ለምን አንድ ዓይን ብቻ ኖረው?»

«ወደ ጎን ስለዞረ ነው፣ አባ።»

«በኛ ስዕል አንድ ዓይን የሚደረግለት ሰይጣንና አይሁድ ነው። ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው። የንጉሡን አንበሳ በአንድ ዓይን ማን ይሥለዋል?»

«አባ፣ ማኅተሙ ላይም እንዲሁ ነው...»

«ማኅተሙን እኔ አልሠራሁትም» አሉና ብሩሻቸውን ነከሩ።

ሲጨርሱ አንበሳው ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል። ሁለት ትልልቅ፣ ጥቁርና ነጭ፣ እንደ መላእክት ዓይን ወደ ጎን የሚያዩ ዓይኖች አሉት። የትም ብቆም የሚያየኝ እኔን ነው። እግር የቆረጠ ተብዬ የምከሰሰው ሰውዬ አሁን ደግሞ ማኅተም የለወጠ ልባል ነው። ምን ይባላል? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባ» አልኩ።

ስለ ቅቡም ጠየቅኋቸው። ቫርኒሹን አሸተቱት። የጥፍሩን ቀለም ዳግመኛ እንዳላስበው ነገሩኝ፤ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ቫርኒሹ ግን በአኳራጅ እንደ ውሃ ከቀጠነ ብጫነቱ እንደሚጠፋ አሳዩኝ፤ ከራሳቸውም ጥቂት አኳራጅ ቀዱልኝ። «ወፍራም አታድርገው። ስስ አድርገህ ዛሬ አንዴ፣ ነገ አንዴ፣ ከነገ ወዲያ አንዴ። በመሐሉ እንዳትነካው። ጭስና እርጥበት ግን ጠላቱ ነው፤ ቤትህን አሙቀህ ዝጋ።»

ተመለስኩና ሐምሌ አሥራ ሦስት የመጀመሪያውን ቀባሁ። አማረ። አሥራ አራት ሁለተኛውን ቀባሁ፤ ባንዲራውና አንበሳው ከፕላስቲኩ ጋር አብረው የተወለዱ መሰሉ፤ ጠርዛቸው በጣት አይታወቅም። እጄን እግሬ ሥር አድርጌ ነው የምቀመጠው፣ እንዳልነካው። አሥራ አምስት ሦስተኛውን ቀባሁ። እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ ግን የቫርኒሹ ሽታ ራሴን አዞረኝና ትንሽ አየር ላግኝ ብዬ በሩን ከፈትኩ።

የጋይንትን የሐምሌ ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እንደ ከብት ነው፤ በር የተከፈተለት ይገባል። ገባ። በሩን ስዘጋ ጉሙ ውስጥ ነው፣ እኔም ውስጥ ነኝ። ጠዋት አውሮፕላኗን ሳያት ቅቡ ነጭ ጭጋግ አውጥቷል። ክንፏ ላይ፣ ጭራዋ ላይ፣ ከሁሉ በላይ መስኮቶቿ ላይ። አንበሳው በጭጋጉ መሐል ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። በዓሉ ዛሬ ነው። ቅቡም ገና በደንብ አልደረቀም፤ ጣት ሲነካው ይይዛል።

ያችኑ አገልግል ይዤ የፊታውራሪ ግቢ ገባሁ። አዳራሹ ሞልቷል። ካህናቱ በቀኝ፣ ባላባቱ በግራ፣ ሃምሳ አለቃው ደንብ ልብሱን ለብሶ በሩ አጠገብ። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኳት። ስለ ጭጋጉ አንድ፣ ስለ ዓይኑ ሁለት፣ ስለ ዋጥኩት በር አንድ፣ በጠቅላላው አራት ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር። ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ሲዞር አራቱም ጠፉኝ።

ካህናቱ ቀድመው ቀረቡ። አንዱ አንበሳውን ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ደግ አሳሳል ነው፤ የኛ ሰው እጅ አለበት» አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሃምሳ አለቃው በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ አየ፤ ወደ ጆሮዬም ጠጋ ብሎ፣ «እግሩን ዘረጋው» አለኝ።

 እኔ የምጠብቀው የፊታውራሪን ቃል ነው፤ እሳቸው ግን አውሮፕላኗን ሳይሆን ባለቤታቸውን ነው የሚያዩት። ወይዘሮ ደብሪቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በሰው መሐል መጡ። አንበሳውን አላዩትም። ባንዲራውንም አላዩትም። በመስኮቶቹ ትይዩ ዝቅ አሉና ጠየቁኝ።

«ልጄ የተቀመጠው በየትኛው በኩል ነው?»

ይኼን የሚናገር መመሪያ አልነበረም። ከክንፉ ኋላ ያለችውን አንዲት መስኮት አሳየኋቸው፤ ለምን እሷን እንደመረጥኩ እኔም አላውቅም። ወይዘሮ ደብሪቱ በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጓት ሞከሩ። ጭጋጉ ከቅቡ ውስጥ ነውና አልለቀቀም።

«አይታይም» አሉ።

«ከፍ ብላ ስትሄድ ደመና ውስጥ ትገባለች፣ እመቤቴ» አልኩ። በዚያ ክረምት ከዋሸኋቸው ሁሉ ይኼኛው ብቻ አልከበደኝም።

«ብርድ ነው እንግዲህ» አሉ፤ አጎንብሰውም መስኮቷን ሳሟት። ቅቡ ከንፈራቸውን ያዘ። ቀና ሲሉ በመስኮቷ ላይ የከንፈር ምልክት ቀርቷል፤ እያንዳንዷ መስመር ትቆጠራለች። ጭጋጉም ከዚያች ቦታ ተነስቶ ውስጧ ጥርት ብሎ ታየ።

የደነገጥኩት እኔ ነኝ። «ይቅርታ፣ ገና አልደረቀም ነበር፤ ደግሜ ስቀባው ይጠፋል» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ፊታውራሪ እጄን ያዙኝ። ጠንካራ እጅ ነው።

«እንዲጠፋ ማን አለህ?» አሉኝ።

እጄን ሰበሰብኩ። ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ ጠረጴዛው ይወስዱና ያችን መስኮት ያሳያሉ። እንግዳው ዝቅ ብሎ ያያል፤ ባዶ ወንበር እንኳ የለም ውስጧ። ማንም ግን የለም አይልም።